«ለጊዜው ቤት ይቆይ»፦ ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ ቤት ማስተማር ያዋጣል?

«ለጊዜው ቤት ይቆይ።»

ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ የምታሳድግ እናት ይህችን አባባል በደንብ ታውቃታለች። ርዕሰ መምህሩ ይላታል። መምህርቷ ትላታለች። አንዳንዴ አማትም ትጨምርበታለች። ስድብ የለባትም። በትህትና፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የምትነገረው። ተንኮሏ ያለው «ለጊዜው» የምትለዋ ላይ ነው። ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ የሚናገር የለም።

እኔም ብያታለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር የሚጥል በሽታ ያለባት ተማሪ ነበረችኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጣላት። ልጆቹ ጮኹ፣ እኔ ደነገጥኩ፣ የጥበቃው ሰው ክብሪት ሊያሸታት ሮጦ መጣ። በማግስቱ እናቷን አስጠርቼ «እስኪሻላት ቤት ትቆይ» አልኳት። ለልጅቷ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ያሰብኩት ለራሴ ነው። ልጅቷ አልተመለሰችም። ከዓመታት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ከእናቷ ጋር በርበሬ ስትሸጥ አገኘኋት። መልሴን ቆጥራ ስትሰጠኝ አንድም ብር አልተሳሳተችም። ማንበብ ግን አትችልም።

ሰሞኑን ደግሞ ጎረቤቴ ነገሩን በሌላ ጫፍ አመጣችው። ልጇ 8 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገራት 3 ዓመት ሆኗታል። ቃላት አሉት፤ ግን ይቆጠራሉ። ትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ጆሮውን ይይዛል። ግርግር ሲበዛበት ራሱን ይመታል። ቶናው ላይ ደርሰን ነበር። «መምህር፣» አለችኝ፣ «እኔው ራሴ ቤት ባስተምረውስ? ዩቲዩብ ላይ ሲያደርጉት አያለሁ።»

ወዲያው አልመለስኩላትም። ይህን ጽሑፍ የዚያን ቀን ያልሰጠኋት መልስ ነው በሉት።

ማስተማርና ማስቀረት

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ቤት ማስተማር አለ፣ ቤት ማስቀረት አለ። ከውጭ ለሚያይ ልዩነታቸው አይታይም። በሁለቱም ልጁ ጠዋት ዩኒፎርም አይለብስም።

ቤት ማስተማር ማለት አንድ ሰው ኃላፊነቱን ወስዶ፣ ሰዓት ቆርጦ፣ ዛሬ ምን እንደሚያስተምር አውቆ ሲቀመጥ ነው። ልጁ ካለፈው ወር ምን እንደጨመረም በደብተር ይይዛል። ቤት ማስቀረት ማለት ደግሞ ልጁ ቴሌቪዥን ፊት፣ ስልክ በእጁ፣ ቀኑ እስኪመሽ ሲጠበቅ ነው። ማንም ሰው «ላስቀረው» ብሎ አይጀምርም። ሁሉም በማስተማር ይጀምራል። ከዚያ እንግዳ ይመጣል። ለቅሶ ይመጣል። መብራት ይጠፋል። ታናሹ ያተኩሰዋል። በሁለተኛው ወር ደብተሩ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ለመውቀስ አይደለም የምለው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁላችንም ቀምሰነዋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ልጅ ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የዩቲዩቡን ነገርም ላንሳ። ጎረቤቴ የምታያቸው እናቶች አብዛኞቹ አሜሪካውያን ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ጀርመን ብትሄዱ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም። በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን የተስማሙበት ነገር አይደለም ማለት ነው። አሜሪካዊቷ እናት ቪዲዮው ላይ ብቻዋን ትታያለች። ከካሜራው ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ የንግግር ባለሙያ አለ፣ ተዘጋጅቶ ቤት ድረስ የሚመጣ መጽሐፍ አለ፣ በየሳምንቱ ልጆቻቸውን ይዘው የሚገናኙ ወላጆች አሉ። እኛ የምንኮርጀው ካሜራው ያሳየንን ብቻ ነው።

የኔታ ያውቁት ነበር

ይህን ስል ግን ነገሩን የፈረንጅ ብቻ አድርጌ ልጥለው አይደለም። ጎንደር ላይ ተቀምጦ «ትምህርት ማለት 50 ልጅና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነው» ማለት ያሳፍራል። የኔታ ዛፍ ሥር ሲያስተምሩ አንዱ ልጅ ሀሁ ይቆጥራል። አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው። ወዲያ ያለው መልእክተ ዮሐንስ ይዟል። ትልቁ ዳዊት ይደግማል። ማንም ከማንም ጋር እኩል አይራመድም። ፊደል ሁለት ዓመት የፈጀበት ልጅ «ወደቀ» አይባልም፤ እስኪገባው እዚያው ይቆያል። ዓይነ ስውራን በጆሯቸው ይዘው፣ በቃላቸው አጥንተው፣ ቅኔ ተቀኝተው መሪጌታ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። (ለአለንጋው አልከራከርም። አለንጋው ይቅር።)

የቤት ትምህርት ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ልጁ በራሱ እርምጃ ይሄዳል። እስቲ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል የተቀመጠው መለኪያ 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሆንበትንም እናውቃለን። 40 ደቂቃን ለ50 ብታካፍሉት ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። ቤት ውስጥ 20 ደቂቃ ከልጃችሁ ጋር በትክክል ብትቀመጡ በ25 ክፍለ ጊዜ የሚደርሰውን ትኩረት ሰጣችሁት። ስለዚህ የቤት ትምህርት 6 ሰዓት መሆን የለበትም። 10 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይበቃል። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት አስተምሮ እስከ ሰኞ ከመርሳት ይህ ይሻላል።

ምን እናስተምር? ብዙ ወላጅ ከ«ሀ» ይጀምራል። ልጁ ገና ብዙ ድጋፍ የሚፈልግ ከሆነ እኔ ከ«ሀ» አትጀምሩ እላለሁ። ጠዋት ከምትሠሩት ጀምሩ።

እጅ መታጠብን እንውሰድ። ለእኛ አንድ ሥራ ነው። ቁጭ ብላችሁ ብትቆጥሩት ግን ሰባት ነው። እጅጌ መሰብሰብ፣ ውኃ መክፈት (ጎንደር ነውና ከጀሪካን መቅዳት በሉት)፣ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሳት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ልጁ «እጅህን ታጠብ» ሲባል ዝም ብሎ የሚቆመው እምቢተኛ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ሰባት ትእዛዝ በአንድ ቃል ተጠቅልሎበት ነው። ባለሙያዎች እንዲህ ያደርጋሉ፦ ሥራውን ይበትኑታል፣ ከዚያ ከመጨረሻው ይጀምራሉ። ስድስቱን እናንተ ሥሩለት፣ ማድረቁን ብቻ እሱ ይሥራ። ሥራው በእሱ እጅ ያልቃል። የጨረሰ ልጅ ደስ ይለዋል። ሲለምደው ማለቅለቁንም ተዉለት። እንዲህ እያላችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ጫማ ማሰርም፣ ሸሚዝ መቆለፍም፣ እንጀራ መቁረስም በዚሁ መንገድ ይለመዳል።

ሌላው ሥዕል ነው። ቃል የሚያንሰው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚበሳጨው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። በስልካችሁ የራሱን ሳህን፣ የራሱን ደብተር፣ የራሱን ኳስ፣ የግቢውን በር ፎቶ አንሱ። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ አሳትሙት። በቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ለጥፉ። አንዱ ሲያልቅ ይገለበጣል። የጎረቤቴ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፎቶዎቹን ራሱ መገልበጥ ጀምሯል። የበሩን ፎቶ ከደብተሩ ፎቶ በፊት እያደረገ ሊያታልላት መሞከሩን ስትነግረኝ ሳቅን። ይህም ትምህርት ነው።

ቁጥር ከስኒ ይጀምራል። «ሦስት እንግዳ አለ፣ ስንት ስኒ?» የሳምንቱን ቀናት ደግሞ ምግቡ ያስተምራቸዋል። በጾመኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ ወተት የለም፤ ልጁ ቀኑን በሳህኑ ያውቀዋል። ቃል ገና ለሚለቅም ልጅ ቤታችሁ የማይነገር እንግሊዝኛ አትጫኑበት። የመጀመሪያ ቃላቱ እናቱ በምትቆጣበትና በምታባብልበት ቋንቋ ይሁኑለት።

ዓይንና ጆሮ

ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። ቤት ወይም ትምህርት ቤት ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት የልጁን ዓይንና ጆሮ አስመርምሩ። «አይገባውም» የተባለ ልጅ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል። «አይታዘዝም» የተባለው ጆሮው ሲመግል ኖሮ በደንብ አይሰማ ይሆናል። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ የአእምሮ ዕድገት ዝግመት) ያለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ የመስማትና የማየት ችግር፣ የልብ ችግርም ይበዛል። መነጽር የሚፈታውን ነገር ቤት በመዋል ልንፈታው አንችልም።

ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም

«ልዩ ፍላጎት» የሚለው ስም ሰፊ ድንኳን ነው። ሥር ያሉት ልጆች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ ከሰጧችሁ አትቀበሉ።

ያለማቅማማት «ቤት አይሆንም» የምለው መስማት ለተሳነው ልጅ ነው። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቤት ውስጥ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጁና እናቱ የራሳቸውን ምልክት ይፈጥራሉ፦ መብላት፣ መተኛት፣ አባት፣ ውጣ። ለቤት ይበቃል። ለማሰብ ግን አይበቃም። «ትናንት»፣ «ቢሆን ኖሮ»፣ «ለምን» የሚሉትን በእነዚያ ምልክቶች መናገር አይቻልም። አእምሮ ቋንቋን እንደ ልብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ያ ጊዜ ያለ ቋንቋ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ትምህርት ሁሉ ይከብዳል። ልጁ ስላልሰማ አይደለም የሚጎዳው፤ ቋንቋ ስላላገኘ ነው።

ቋንቋ ደግሞ ከአንድ ሰው አይለመድም። የምልክት ቋንቋ የሚናገሩ ሌሎች ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የእኛው የምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል አለው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይለውጠዋል። እጅግ ያማረ ነው። ልጃችሁን እነዚህ ልጆች ወዳሉበት አድርሱት፤ ማታ እናንተም ከእሱ ተማሩ። የቤት ሥራው የእናንተ ነው።

ለዓይነ ስውር ልጅም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ብሬል፣ ማለትም በጣት የሚነበበው ጽሑፍ፣ 6 ነጥብ ነው። ወላጅ ሊማረው ይችላል። ነገር ግን መጽሐፉ፣ መጻፊያው፣ በበትር መሄድን የሚያስተምረው ሰው የሚገኘው ቤት አይደለም። የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። የተወለደችው በዚሁ ክልል፣ አማራ ሳይንት ነው። በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ቤት አላስቀሯትም፤ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተወሰደች። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወሰደች። ለትንሽ ልጅ ያ ርቀት ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም።

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። እዚህ የተጎዳው እንቅስቃሴን የሚያዘው የአእምሮ ክፍል ነው። አፉ ቢተሳሰር፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ማሰቡ ግን ሙሉ የሆነ ብዙ ልጅ አለ። ቤት የሚቀረው ትምህርቱ ከብዶት አይደለም። የጎንደር ዳገት ነው ያስቀረው። ደረጃው፣ የክረምቱ ጭቃ፣ ዊልቸር የማይገባበት ሽንት ቤት፣ ዊልቸር አይቶ የሚያልፍ ባጃጅ። ክፍሉ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ቢወርድ የሚፈታን ነገር «ቤት ይማር» ብለን ስንሸፍነው ልጁን ለሕንፃው እንቀጣዋለን።

የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ቤት መዋል መፍትሔ አይደለም። መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድና መምህሩን ማሠልጠን ነው። ያኔ እኔ ያላወቅኩት ይህ ነው፦ በጎን ማስተኛት፣ ራሱን እንዳይመታ ለስላሳ ነገር ከሥሩ ማድረግ፣ ሰዓት መያዝ። አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። ክብሪት አለማሽተት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ይህን ለመማር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ያን ሩብ ሰዓት ማንም ስላልሰጠኝ፣ እኔም ስላልጠየቅኩ፣ አንዲት ልጅ በርበሬ ትሸጣለች።

ፊደል የሚያምታታበት፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያቅተው ልጅም ከክፍል አይውጣ። ፊት ወንበር፣ ተጨማሪ ሰዓት፣ ታጋሽ አስጠኚ ብዙ ይረዱታል።

ታዲያ ቤት ለማን ይስማማል? ከበሽታ ለሚያገግም ልጅ። ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚደበደብና የሚያስጥለው ላጣ ልጅ፣ ሌላ ቦታ እስኪገኝለት። ድምፅና ግርግር ከአቅሙ በላይ ለሆነበት ኦቲዝም ላለበት ልጅ፣ ለተወሰነ ጊዜ። እንዲሁም በአካባቢው ምንም በሌለበት ገጠር ላለ ልጅ። ከሁሉም ጋር «እስኪ» የምትለዋ ቃል አለች። እሷን አትርሱ።

እናትየዋስ?

ስለዚህ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ቤት ማስተማር ሲባል ብዙ ጊዜ አስተማሪዋ እናት ናት። እሷው ታበስላለች፣ እሷው ታጥባለች፣ እሷው ታስተምራለች፣ ልጁ ሌሊት ካልተኛ እሷው ትነቃለች። ሥራ ካላት ትለቃለች። አባት ደመወዝ ያመጣል፣ «እንዴት ነው ዛሬ?» ይላል፣ ዜና ይከፍታል። ጎረቤቴን የጠየቅኳት የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ልጁ አልነበረም። «አንቺ ስትታመሚ ማን ያስተምረዋል?» አልኳት። ዝም አለች። ለዚህ መልስ የሌለው ዕቅድ ዕቅድ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከማን ጋር ይጫወታል?» ነው። ልጅ ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ «ስጠኝ» ማለትን ከእናቱ አይማርም። እናት ትሸነፍለታለች። ሌላ ልጅ አይሸነፍለትም።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ግን ይነገር። ሁልጊዜ ቤት የሚውል፣ መናገር የማይችል ልጅ፣ ጉዳት ቢደርስበት የሚያየው የውጭ ዓይን የለውም። ትምህርት ቤት ቢያንስ መምህር ቁስሉን ታያለች። ልጁን ለሠራተኛ ወይም ለዘመድ ትታችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ወረቀቱ

ሕጉን በአጭሩ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአእምሮ ሕሙማን ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ደግሞ ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይላል። ስለዚህ «ለጊዜው ቤት ይቆይ» ሲሏችሁ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። «እሺ፣ በጽሑፍ ስጡኝ፤ እስከ መቼ እንደሆነም ይጻፍ» በሉ። ያን ጊዜ ብዙ ነገር ይለዝባል። በራሴ አይቻለሁ፤ በወዲያኛው ጠረጴዛ ተቀምጬ።

ልጁን ራሳችሁ ቤት ለማድረግ ከወሰናችሁም ዝም ብላችሁ አታጥፉት። መጀመሪያ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ምዝገባው እንዴት እንደሚቆይ ጠይቁ። ካርዱን ያዙ። መሸኛ ሳያስፈልጋችሁ አታስወጡ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፣ ልጁ አንድ ቀን መፈተን ሊፈልግ ይችላል፤ ያኔ ስሙ መዝገብ ላይ ከሌለ ሌላ ጣጣ ነው።

ጎንደር ምን አላት?

ከምታስቡት በላይ አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በአካል ጉዳት ዙሪያ ሲሠራ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን ሙያም ማስተማር ጀምሯል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ማለት ያን ሰባቱን የእጅ መታጠብ እርምጃ መበተን ሥራው የሆነ ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራምም ለዓመታት ሠራተኞቹን ቤት ለቤት እየላከ ቤተሰብን ሲያለማምድ ኖሯል። ቤት ማስተማር ካሰባችሁ መጀመሪያ ማንኳኳት ያለባችሁ እነዚህን በሮች ነው።

አስጠኚም አለ። የጎንደር ልጅ ሆኖ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያላስጠናው ማን አለ? ዩኒቨርሲቲው ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት የሚያስተምርበት ክፍል አለው። የቤት ሥራ የሚሠራ አስጠኚ ከመቅጠር ከዚያ ክፍል ተማሪ ፈልጉ። የአካቶ ትምህርት ድጋፍ ማዕከል የሚባሉም አሉ። በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተቋቁመው በጉድኝታቸው ያሉትን ሌሎች ትምህርት ቤቶች ያግዛሉ። የእናንተ ትምህርት ቤት በየትኛው ሥር እንደሆነ ጠይቁ። መምህሩ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

የሌላው ወላጅ ነገር ደግሞ አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን የማያስታውስ የለም። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጡ። ቤታቸውን ዘግተው እሱን ብቻ ማስተማር ይችሉ ነበር። በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ የሌላውም ሰው ልጅ መጣ። ሁሉ ሰው ማዕከል ይክፈት አልልም። ሦስት እናቶች ግን ማራኪ ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ ግቢ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ልጆቻቸውን ይዘው መገናኘት ይችላሉ። አንዷ ቡና ታፈላለች፣ አንዷ ታስተምራለች፣ አንዷ ትተኛለች። የምትተኛዋ ተራ ይደርሳት ዘንድ ብቻ እንኳ ያዋጣል።

ግማሽ ግማሽ

ለጎረቤቴ ያልኳት በመጨረሻ ይህ ነበር። ሙሉ በሙሉ አታስወጪው። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረሽ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እስከ ዕረፍት ብቻ ይሂድ። ደወሉ ከመደወሉ በፊት መምህርቷ ትንገረው፣ ወይም ደጅ ታውጣው። ከሰዓት ቤት ያጥና፤ በየቀኑ ሦስት አስር ደቂቃ። የሚጨምረውን በደብተር ያዢ። ከአንድ ወር በኋላ ራሱን መምታቱ ከቀነሰ ቀን ጨምሩ፣ ከባሰ ቀንሱ።

መምህርቷ መጀመሪያ አቅማማች። እኔም እንደ እሷ ስለነበርኩ አልፈረድኩባትም። ሄጄ አነጋገርኳት። የልጁን እጅ ይዛ ደወሉን ራሱን እንድታስደውለው ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት፤ እኔ አላሰብኩትም። በራሱ እጅ የሚጮህ ደወል ያን ያህል አያስፈራውም።

ጎረቤቴ ግን አሁንም ልቧ አልተረጋጋም።

«እና እስከ መቼ ነው እንዲህ የምናደርገው?» አለችኝ።

«ጥር ላይ እናየዋለን።»

«ጥር ረጅም ነው፣ መምህር። ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት» አልኳት። ቀን መቁጠሪያው ላይ አክብባ አስቀመጠችው።